ለአንዲት «ቀሪ» ብዬ ኢታንግ ድረስ

የእማማ ዘነብን መቃብር የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ዕድራችን ግን በዚያ ቀብር ላይ አልነበረም ብሎ ጻፈብኝ። በደሉ ይኸው ነው።

የምኖረው ጋምቤላ፣ አቦቦ ወረዳ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ከወሎ የመጣሁት በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር ነው። በዕድራችን ሕግ ከቀብር በኋላ ስም ይጠራል፤ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። ሁለት ቀርቻለሁ፣ አልክድም። አንዱን ቀን የማታ ትምህርት ፈተና ነበረብኝ፤ ሌላውን ቀን መኪናዬ መንገድ ላይ ተበላሽታ አስቀረችኝ። ሦስተኛው ግን ውሸት ነው። መጋቢት ላይ አዲሱ ጸሐፊ የድሮውን መዝገብ ሲያገላብጥ ሦስት ሞላብህ አለኝና ተሰረዝኩ። መዝገቡን አምጣው አልኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳነብ ጣቴን እከተላለሁ። ጣቴን ስሜ ላይ አድርጌ ወደ ጎን ሄድኩ። «ቀሪ» ይላል። ማንበብ በመማሬ የተቆጨሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የጻፈው የያኔው ጸሐፊያችን ታምራት ነው። የጤና ጣቢያችን ነርስ ነበር፤ ተዛውሮ ሄዷል። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሌ የጻፈው ሰው ካልመሰከረ መዝገብ አይነካም አሉ። የታምራት ስልክ አይሠራም። እናቴ ሰማንያ አልፏታል፤ አልጋ ከያዘች ዓመት ሊሆናት ነው። ዕድር የሌለው ሰው እናቱን ከማን ጋር ይቀብራል? ስለዚህ ሰውየውን ፍለጋ ወጣሁ።

መኪናዬ አምቡላንስ የነበረች አሮጌ ናት፤ በጨረታ ነው ያገኘኋት። ከኋላ የጣውላ አልጋ መታሁ፣ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ አጎበር ሰቀልኩ፤ ቡታጋዝና ሁለት ጀሪካን ውኃ አስገባሁ። ሐሳቡን ያገኘሁት አልዌሮ ግድብ አጠገብ መኪናቸው ውስጥ ሲያድሩ ካየኋቸው ሁለት ፈረንጆች ነው። እነሱን ማንም ምንም አላላቸውም። እኔም የሰው ደጅ ሳልረግጥ፣ የማንንም ውለታ ሳልቀበል፣ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ልመለስ አሰብኩ። ሰፈሬ ካልፈለገኝ እኔም ሰው አልፈልግም፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ጋምቤላን ላያያት ስለሚችል አስቀድሜ ልንገረው፤ በዚህ አገር መኪና ውስጥ ማደር አይቻልም። ሕግ ከልክሎ አይደለም። ሰው ነው የሚከለክለው።

ሰኞ ማለዳ ተነሣሁ። እህቴ ዘውዴ እናታችንን ልታስታምም ቀረች። እናቴን ልሰናበት ስገባ ከትራሷ ቀና ብላ፣ «እኔን ለማስቀበር ነው አሉ የምትሄደው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ። እኔ አልቸኮልኩም።»

ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ ብዙ አይርቅም። ሊያርቀው የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ አራቀውም። ኬላ ላይ የነበረው ፖሊስ የኋላውን በር ከፈተና አልጋውን አየ። በሽተኛው የት አለ አለኝ። በሽተኛ የለም አልኩት። ታዲያ አልጋው የማን ነው አለ። የእኔ አልኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ምንህን ነው የሚያምህ አለኝ። አላመመኝም ብዬ ባስረዳውም ፊቱ አልተፈታም። በመጨረሻ ሁለት ማንጎ ሻጭ ሴቶች ከነቅርጫታቸው አምጥቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጣቸው። ባዶ አልጋ ጭኖ ሰው ጥሎ ማለፍ ነውር ነው አለኝ። በሚያዝያ የበሰለ ማንጎ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋምቤላ ስደርስ አንሶላዬ ቢጫ ሆኖ ነበር።

እኛ አቦቦ ሙቀት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የእኛ ሙቀት ግን ከዛፍ ሥር ስትገባ ይተውሃል። የጋምቤላ ከተማው ጥላ ውስጥም ተከትሎ ይገባል። ታምራት እዚያ ይሠራል ብለውኝ ስለነበር ስጠይቅ ዋልኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። በመጨረሻ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከጥር ጀምሮ ኢታንግ ነው አለችኝ። ያን ሁሉ ጠረጴዛ ከምዞር መጥረጊያ የያዘ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ጠዋት እጨርስ ነበር።

መኪናዬን ባሮ ዳር አንድ ማንጎ ዛፍ ሥር አቆምኩ። ወንዙ ገና አልሞላም። ሰው ልብስ ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ጀልባዎች ሰውና ከረጢት ያሻግራሉ። ፈረንጆቹ እንደዚህ ነበር የሚያደርጉት ብዬ በሩን ከፍቼ፣ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ቡታጋዙ እምቢ አለ። ክብሪቱን ጨረስኩ። ከላይ ማንጎ ወድቆ ጣራውን ሲመታው ድንጋይ የወረወሩብኝ መስሎኝ ዘልዬ ወጣሁ፤ ልብስ የምታጥብ አንዲት የአኝዋክ ሴት እስኪያንቃት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ መጥታ መኪናውን በደንብ አየችው፤ ፍራሹን፣ አጎበሩን፣ ድስቱን።

«አባ፣ ሚስት አባረረህ?» አለችኝ።

ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው አልኳት። አዘነች። ከዚያ ያጠበችውን ልብስ ትታ ሄደች፤ የት እንደሄደች የገባኝ ጸሐይ ሳትጠልቅ ሐጂ ኑሩ በባጃጅ ሲደርስ ነው። ሐጂ ኑሩ ገበያው አጠገብ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ የመንደራችን ሰው ሁሉ ቆርቆሮና ምስማር የሚገዛው ከእሱ ነው። ሴትየዋ የአቦቦ ሰው ከቤቱ ተባርሮ ወንዝ ዳር ወድቋል ብላ ለአገኘችው ደገኛ ነጋዴ ሁሉ ተናግራ ኖሯል።

«አራጋው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ወንዝ ዳር ልታድር? ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

«ምንም አይልህም።»

«አንተን ምንም አይልህም። እኔን ነው የሚለኝ።»

ክርክሩን እሱ አሸነፈ። መኪናዬን በሩ ላይ አቆምኩና በረንዳው ላይ፣ እሱ ባነጠፈው ምንጣፍ ላይ አደርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋ አልነሣ አለች። አልጋው ላይ ለራሴ የገጠምኩትን ፋን ማታ ሳላጠፋው ሐጂ ጎትቶ አስገብቶኝ፣ ፋኑ ባዶ ፍራሽ ላይ ሲነፍስ አድሮ ባትሪውን ጨርሶታል። በእንግድነት የደረሰብኝ ኪሳራ ይህ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። አንዱ ባትሪው ነው አለ፣ አንዱ ዲናሞው ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ አምቡላንስ ለግል አትሆንም፣ እርግማን አለባት አለ። ሁሉም ገፉ። ገበያው መሐል ስትነሣ አጨበጨቡልኝ፤ እኔ ግን ወዲያው መንገድ ልጀምር ብል ሐጂ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ምሳ ሳትበላ የትም አትሄድም አለኝ። ምሳው የባሮ ዓሣ ነበር፤ እኛ አልዌሮ ላይ ከምናጠምደው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጣፋጭ ነበር፤ ከምሳው በኋላ ግን ሻይ፣ ከሻዩ በኋላ የጎረቤት ሰው፣ ከጎረቤቱ በኋላ ሶላት መጣ። ቁልፉን ሲመልስልኝ ቀኑ መሽቷል። ሁለተኛውንም ሌሊት በረንዳው ላይ አደርኩ። በሁለት ቀን ውስጥ መኪናዬ ውስጥ የተኛው ማንጎ ብቻ ነው።

ረቡዕ ወደ ኢታንግ ተነሣሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ እንደ እኛ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ የለበትም፤ ሣሩና ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ራዲያተሩ ፈላ። የያዝኩት ሁለት ጀሪካን ውኃ አልበቃውም። ከመንገዱ ዳር የበቆሎ ማሳ ሲያርም የነበረ ኦጁሉ የሚባል ጎልማሳ አኝዋክ መጣ፤ ምንም ሳይጠይቀኝ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሄደ፣ ሞልቶ ተመለሰ። ያም አልበቃ። ደግሞ ሄደ። ላመስግነውና ልሂድ ስል ክንዴን ይዞ ወደ ጎጆው ወሰደኝ። ስንቅ አለኝ፣ ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ አልኩት። ዳቦ ቆሎውን ተቀብሎ ለልጆቹ አካፈለና ለእኔ የበቆሎ ገንፎ በዓሣ ወጥ አቀረበልኝ።

እየበላሁ ሳለ ተነሥቶ የመኪናዬን ጓዳ ሲያይ አየሁት። ከዚያ ሰው ተጣራ። ከአንዱ ጎጆ እግራቸው እንደ እንስራ ያበጠ አሮጊት በቁርበት ተሸክመው አወጡና አልጋዬ ላይ አስተኟቸው። ልጃቸው፣ ምራታቸውና አንድ ዘመዳቸው ተከትለው ገቡ። ማንም አልጠየቀኝም። ምን እየሆነ ነው ብዬ ኦጁሉን ያዝኩት።

«አልጋ አለ። መንገዱ ኢታንግ ነው። እሷ ታሞ ነው። ምን ቀረ?» አለኝ።

ሞተሩን አስነሣሁ። አሮጊቷ በየጉድጓዱ ሲያቃስቱ ቀስ እያልኩ፣ በእግር የሚሄድ ሰው እየቀደመኝ፣ ከሰዓት በኋላ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ተረኛዋ ነርስ አሮጊቷን ተቀበለቻቸው። ታምራትን ስጠይቃት ክትባት ይዞ በጀልባ ወንዝ ማዶ እንደሄደ ነገረችኝ። ነገ የሠራተኞች ቀን ነው፣ በዓል ነው፣ ምናልባት እሱም ነገ ይመለሳል አለች። ምናልባት! ሦስት ቀን መንገድ ለምናልባት ነበር የመጣሁት።

ዘበኛው ባዶ ክፍል ውስጥ አልጋ አዘጋጀልኝ። አልገባም አልኩት። እንግዳ መኪና ውስጥ አድሮ ነገ ምን ይሉኛል አለ። ያንኑ የሐጂን ንግግር ደግሞ ስሰማው አበድኩ፤ ፍራሼን አራገፍኩና በሩን በላዬ ቆለፍኩ። እዚህ ጉዞ ላይ መኪናዬ ውስጥ ያደርኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ስከፍት ሰው ተሰልፏል። ጨቅላ የታቀፉ የኑዌር እናቶች፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ እጁ በጨርቅ የታሰረ ወጣት፣ ሁሉም ከመኪናዬ በር ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ በሥርዓት ቁጭ ብለዋል። በዓል ስለሆነ ጤና ጣቢያው ዝግ መስሏቸው፣ እኔን ደግሞ ከጋምቤላ የመጣ ተንቀሳቃሽ ሐኪም አድርገውኛል። በካናቴራ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ሴት ቃል ሳትናገር ልጇን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሐኪም አይደለሁም ብዬ ዘበኛውን እንዲያስተረጉምልኝ ለመንኩት። አስተረጎመላቸው፤ ሳቁ። ሽማግሌው አንድ ነገር ሲናገር ደግሞ ሳቁ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«ሐኪም ሁሉ ጠዋት እንዲህ ነው የሚለው፣ ቁርስ ሲበላ ይለቀዋል አለ» አለኝ ዘበኛው።

ልጁን ለእናቱ መለስኩ፤ ተረኛዋን ነርስ ቀሰቀስኩ፤ ጥላ እንዲሆናቸው ሸራዬን ከመኪናው ጎን ወጠርኩ፤ ውኃዬን አካፈልኩ። እስከ እኩለ ቀን ሰልፍ ሳስተካክል ዋልኩ። አንዷ እናት ስትሄድ ባረከችኝ። ምን ሠርቼላት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ታምራት የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ የክትባት ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሲያየኝ ደነገጠ። መጀመሪያ የጠየቀኝ እናቴን ነው፤ አልሞተችም ስለው እፎይ አለ። ሸራው ሥር ተቀመጥን። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሰልፉ ላይ የቀሩት ሰዎች ዞረው ያዩን ነበር።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን ዝናብ እየመጣ ስለነበር ከቀብሩ በፊት ነው ስም የጠራሁት» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እርስዎን ሁለቴ ጠራሁ። ሰምተውኛል?»

ውሸት ልናገር ኢታንግ ድረስ አልመጣሁም። «ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እያየኸኝ?»

«እያየሁዎት።»

ያን ቀን የነበርኩበትን ልንገራችሁ። የእኛ መሬት መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይናዳል። ጉድጓዱ ሁለት ጊዜ ተንዶ እስከ አንገቴ ጠልቄ፣ ጭቃው ጉልበቴን ይዞ፣ እማማ ዘነብ የሚያርፉበትን በእጄ እየጠረግኩ ነበር። ከላይ ሰውየው ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ አራጋው አለ ወይ ይላል። አለሁ ልበለው? ለምን? ከጉድጓዱ በአካፋ የሚወጣውን አፈር ማን የሚያወጣው መስሎት ነው? ተናደድኩና አፌን ዘጋሁ። አንድ ሰው «ጉድጓድ ውስጥ ነው» ብሎ ሲመልስልኝ ሰምቻለሁ።

«ያ ሰው መለሰልኝ አይደል?» አልኩት ታምራትን።

«መለሰ። ግን ሰው ለሰው አይመልስ፣ እያንዳንዱ በገዛ አፉ ይመልስ ብለው በስብሰባ የተነሡት እርስዎ ነዎት። ቃለ ጉባኤው ላይ ስምዎ አለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

እውነት ነው። ሰዎች ቤታቸው ተኝተው ጓደኛቸው አለ እያለላቸው ሕጉን መጫወቻ ሲያደርጉት ያንን ሕግ ጮኼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሰዉ ሁሉ አጨብጭቦልኝ ነበር። ኢታንግ ላይ፣ የሌላ ሰው አገር መሐል፣ ያንን አስታወሰኝ። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ የሽማግሌው ሳል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሰለቸኝ። ደብዳቤ ጻፍልኝ አልኩት። ደብዳቤ ዋጋ የለውም፣ ማኅተሙን አስረክቤያለሁ አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል ግን እጄን ያዘኝ።

«እሑድ የወሩ ስብሰባ አይደል? እኔ ራሴ መጥቼ ያየሁትን እናገራለሁ። ግን ጋሼ፣ እኔ አየሁት ስል እርስዎም ሰምቼ ዝም ብያለሁ ይላሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።»

አይሆንም አልኩት። እሺ ካላሉ አልመጣም አለ። ሄጄ ራዲያተሬን መፈተሽ ጀመርኩ።

ዓርብ የሥራ ቀን ስለሆነ እሱ መሥራት ነበረበት፤ እኔም ዋልኩ። እንደ ሥራ ፈት አልዋልኩም። መኪናዬን ያየ ሁሉ አንድ ነገር ጫነብኝ፤ ጀሪካን፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ወደ ቤቷ የተለቀቀች አራስ። ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ታምራትን ያልከውን እላለሁ አልኩት። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? እናቴ አለች።

ቅዳሜ ተመለስን። ብቻዬን ልጓዝበት የሠራሁት አልጋ ላይ ታምራት አፉን ከፍቶ ተኛ። የአንድ ሳምንት የጀልባና የጭቃ ድካም ነበረበት። አሮጊቷ እግራቸው ጎደል ብሎላቸው ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጎን ተቀመጡ፤ ቋንቋችን አይገናኝም፣ ቢሆንም መንገዱን ሙሉ እየተናገሩኝ ሄድን፤ እኔም እሺ እላለሁ። ኦጁሉ ጋ ስናደርሳቸው የደረቀ ዓሣ በከረጢት ጫነልኝ። አልፈልግም ስለው አልሰማኝም፤ እንቢ ማለት እንደማይሠራ ከሰኞ ጀምሮ ስማር ቆይቻለሁና ተቀበልኩ። ሐጂ ኑሩም በር ላይ ጠብቆን በሻይ አስቆመን። አቦቦ የገባነው ሲመሻሽ ነው። እናቴ ደህና ነበረች። የዓሣው ሽታ ከየት ነው ብላ ጠየቀች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

እሑድ ስብሰባው የተደረገው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ታምራት ተነሥቶ ያየውን ተናገረ። ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ፤ አካፋቸው ሲወጣና ሲወርድ አይቻለሁ፤ ሕጉ ግን በአፍ ይመለስ ስለሚል ቀሪ ብዬ ጻፍኩ አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ። መቶ የሚሆን ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል፤ ግማሹን እናትና አባቱን ስቀብርለት የኖርኩ ነኝ።

«ሰምቻለሁ። አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አልኩ። ብዬም ተቀመጥኩ።

ሰዉ ሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ይፋቅለት አለ። ገሚሱ አንዴ መዝገብ ከተፋቀ ነገ ሁሉም ያስፍቃል አለ። የጋሽ ደምሌ ወንድም እኔ ባወጣሁት ሕግ እኔው ስያዝ ማየት ደስ እንዳለው ሳይደብቅ ተናገረ። ረጅም ሰዓት ከተጨቃጨቁ በኋላ ጋሽ ደምሌ በትራቸውን መሬት መቱ። «ቀሪ» የሚለው እንዳለ ይቆይ፣ አጠገቡ ግን ጉድጓድ ሲቆፍር እንደነበር ይጻፍበት፣ ከቁጥርም ይውጣለት አሉ። ዕድርተኛነቴም እንደ ድሮው።

ታዲያ ማን ይጻፈው የሚለው ሌላ ክርክር ሆነ። አዲሱ ጸሐፊ በሌላ ሰው ገጽ ላይ እጄን አላስገባም አለ። ታምራት ብዕሩን አስረክቤያለሁ አለ። ጋሽ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ማታ ማታ የተማርከው ለምንድነው? ና ራስህ ጻፈው» አሉኝ።

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት ጽፌ አላውቅም፤ ከአስተማሪዬ በቀር የእጅ ጽሑፌን ያየ የለም። መስመሩን አለፍኩ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ወደ ታች ወረደችብኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ትንፋሽ አንገቴን ያሞቀኝ ነበር። «ጉድጓድ ሲቆፍር ነበር» ብዬ ጨረስኩ። ቀኑን ጨምርበት አሉኝ፤ ጨመርኩበት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.